ሰላም ሳልል ያለፍኩት በረንዳ

መሳቢያዬን ስጎረጉር ያ የሮም ካርታ ዛሬም እጄ ላይ ወጣ። ያረፍኩበት ሆቴል የእንግዳ መቀበያው ልጅ ሦስት ሰፈሮችን በሰማያዊ እስክሪብቶ ከቦልኛል፦ ትራስቴቬሬ፣ ቴስታቾና ጋርባቴላ። እጥፋቱ ላይ ተበጣጥሷል፤ ግን አልጥለውም። ሌላ ሰው የሮምን ካርታ ሲያይ ሐውልቱና ትልልቁ ቤተ ክርስቲያን ትዝ ይለው ይሆናል። እኔን ትዝ የሚለኝ ፍኖተ ሰላም፣ ከጋሪ ተራው ከፍ ብሎ ያለ የአንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ነው። እዚያ በረንዳ ፊት በአሥራ ሦስት ዓመቴ ያጠፋሁት ጥፋት አለ።

ሮም የሄድኩት ለሦስት ሳምንት ስልጠና ነው። ቡሬ ላይ በበቆሎ ዘር ሥራ ነው የምተዳደረው። ስልጠናው ከሰዓት በኋላ ሲያበቃ የሌላ አገር ሰዎቹ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ይበተናሉ፤ እኔ ካርታዬን ይዤ ብቻዬን እዞራለሁ። ትራስቴቬሬ ግድግዳው የበሰለ ዱባ የመሰለ፣ ሐረግ የወጣበት፣ መንገዱ በጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ ጠባብ ሰፈር ነው። ገጠር ያደገ ሰው መቼም አመሉን አይተው፤ ያገኘሁትን ሁሉ «ቦንጆርኖ» እላለሁ። የማውቀው ቃል እሱ ብቻ ነው። አንዳንዱ ማንን ነው ብሎ ወደ ኋላው ይዞራል፤ አንዲት ሴትዮማ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ልጥፍ አደረገች። ወይ ጉድ፣ ሰላም ባልኩ ሌባ ሆንኩ! ቴስታቾ ገበያው ውስጥ ደግሞ ሁሉም ይመልስልኛል፤ ግን ቲማቲሙን ወደ እኔ እየገፋ ነው። «ላገሩ እንግዳ ለሰው ባዳ» የሚሉትን እስከዚያ ቀን አፌ እንጂ ሆዴ አያውቀውም ነበር።

ጋርባቴላ ለየት ይላል። ቤቶቹ አንድ ግቢ ይጋራሉ፣ የታጠበ ልብስ ከመስኮት እስከ መስኮት ይንጠለጠላል፣ አዛውንቶቹ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። እዚያ አንድ ልብስ ሰፊ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ሱሪ ያሳጥራል። «ቦንጆርኖ» ስለው ሥራውን አቆመ፣ መነጽሩን አወለቀና ረጅም ነገር ተናገረ። አንድም ቃል አልገባኝም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሲስቅልኝ ግን ደኅንነቴን የጠየቀኝ መሰለኝ፤ እዚያው ቆሜ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። በስንት ቀኔ ሰው አየኝ! ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ባቡር እየተሳፈርኩ እመላለስ ጀመር። ሌላ ጉዳይ የለኝም፣ ሰላም ለመባባል ብቻ ነው።

በአምስተኛው ቀን በሩ ተዘግቷል። የብረት መዝጊያው ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ማንበብ አልቻልኩም። «ምን አስቀይሜው ይሆን?» አልኩ። ምን የሚሉት ሞኝነት ነው! ሰውዬው ዕረፍት ወጥቶ ይሆናል እኮ። የእኛ አገር ሰው ግን ሰላምታ ሲጎድልበት መጀመሪያ የሚያስበው ይኸንኑ ነው። የተዘጋው በር ፊት እንደ ቆምኩ የፍኖተ ሰላሙ ልብስ ሰፊ አያ ደምሌ ከነስፌት መኪናቸው ፊቴ ድቅን አሉ።

ልጅ ሳለሁ የቀበሌያችን ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ላይ ያበቃ ነበርና አባቴ ፍኖተ ሰላም አንዲት ክፍል ተከራይቶ አስገባኝ። ከቤታችን የአራት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። የገጠር ልጅ ሁሉ እንዲያ ነበር የሚማረው፤ ቅዳሜ ገበያ ወላጅ ስንቅ ያመጣል፣ ሳምንቱን ሙሉ ድርቆሹን በውሃ እያራሱ መብላት ነው። አብራኝ የገባችው የአጎቴ ልጅ በወሩ ታማ ወደ አገር ቤት ተመለሰች። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። የኩራዝ ጋዝና የእርጥብ ጭቃ ግድግዳ ሽታ ሲገናኙ ዛሬም ያቺ ክፍል ትመጣብኛለች።

ክፍሏ ስታስፈራኝ ከተማውን እዞር ነበር። ከመናኸሪያው ጀርባ ጥቅጥቅ ያሉ የቆርቆሮ ቤቶች፣ በሆስፒታሉ በኩል አስታማሚዎች የተኮለኮሉበት ጥላ፣ ከዚያ የፋንድያና የእርጥብ ሣር ሽታ የሚቀበለኝ ጋሪ ተራ። ያገኘሁትን ሁሉ «እንደምን ዋላችሁ» እላለሁ። እኛ ዘንድ ሰው አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ተጣልተናል ማለት ነው፤ አባቴም «ሰላምታ የእግዜር ነው፣ ማንንም አትንፈጊ» ብሎ ነው የላከኝ። የከተማ ልጆች ግን በሳቅ ፈረሱ። «እንደምን ዋላችሁ መጣች!» እያሉ ስም አወጡልኝ።

ሙሉውን የመለሱልኝ አያ ደምሌ ብቻ ነበሩ። በረንዳቸው ላይ ሆነው ሲሰፉ እኔን ካዩ የመኪናቸውን መርገጫ ያቆማሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ እንደምን ዋልሽ? አባትሽ ደኅና? እናትሽ ደኅና? ከብቱስ? አዝመራው እንዴት ይዟል?» አንዷን ሳያስቀሩ ይጠይቁኛል። ላሚቱ መውለዷን የነገርኳቸው እለት «እሰይ!» ብለው አጨበጨቡ። ለሳቸው ሰላምታ ብዬ ትምህርት ቤት የምሄደው ዙሪያ ጥምጥም ነበር። ያን ዓመት ያን በረንዳ ባላገኝ ኖሮ ትምህርቱን ትቼ አገሬ እገባ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ሰብለ የምትባል የከተማ ልጅ ወደደችኝ። ጫማዋ ነጭ ነው፣ ሳቋ ከሩቅ ይሰማል። አንድ ቀን ከሷና ከጓደኞቿ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘን በዚያ መንገድ መጣን። አያ ደምሌ አዩኝ፤ መርገጫው ቆመ፤ ፊታቸው አስቀድሞ ስቋል። አሁን እኔ ቆሜ ስለ ላምና ስለ አዝመራ ላወራ ነው? «እንደምን ዋላችሁ መጣች» ሊሉኝ? ዓይኔን ወደ ጋሪዎቹ መለስኩና እግሬን አፈጠንኩ። እስክንታጠፍ ድረስ የመኪናው ድምፅ አልተሰማም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት በሌላ መንገድ ዞርኩ። ቅዳሜ አባቴን ፍለጋ ገበያ ብወጣ፣ አባቴ ስንቄን በትከሻው እንደ ያዘ ቆሟል፤ አጠገቡ አያ ደምሌና አንድ ቄስ አሉ። አያ ደምሌ ባርኔጣቸውን አውልቀዋል። ለካ ሽማግሌ ይዘው መምጣታቸው ነው! «ጌታዬ፣ ልጅዎን ምን እንዳስቀየምኳት አላውቅም። አልፋኝ ሄደች። አፌ አምልጦት ተናግሬያት እንደሆን ልካስ» አሉ። የአባቴ ፊት ጠቆረ። አንዴ ሰውዬውን፣ አንዴ እኔን አየና «ምን አድርገውሽ ነው?» አለኝ። እንዲህ ያለ ክፉ ጥርጣሬ ከሳቸው ላይ የሚያነሳው እውነቱ ብቻ ነበር፤ እውነቱ ደግሞ አፍሬብዎት ነው የሚል ነው።

«አላየኋቸውም ነበር» አልኩ።

አያ ደምሌ አፍታ አዩኝና ሳቁ። «አላየሁም ካለችማ ምን ጥል አለ! እኔው ነኝ የቸኮልኩ።» ቄሱ «ይቅር ለእግዜር» አሉ፣ አባቴም ተነፈሰ። እኔ ጉልበታቸውን ሳምኩ። በደሉን እኔ ሠርቼ ይቅርታውን እሳቸው ጠየቁ! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኔ ዘንድ ተገላቢጦሽ ሆነና የወጋሁት እኔ መርሳት አቃተኝ። ትምህርቴን እስክጨርስ ከሩቅ እጅ እየነሳሁ እሮጥ ነበር። ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ቡሬ አፍንጫቸው ሥር እየኖርኩ፣ ሚኒባሱ በዚያ ሲያልፍ ፊቴን ወደ ሌላው መስኮት አዞራለሁ።

ከሮም ስመለስ ፍኖተ ሰላም ላይ «ወራጅ!» አልኩ። ባጃጁ ጋሪውን አባሮ አስፋልቱን ሞልቶታል፤ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ይተላለፋል፣ ልክ እንደ ትራስቴቬሬ። በረንዳው ሲሚንቶ ሆኗል። መኪናው ላይ የተቀመጠችው የአያ ደምሌ ልጅ ናት፤ እሳቸው ዱላቸውን ይዘው ጥጉ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ፊታቸው ቆምኩ። ዝም አሉኝ። ይገባኛል፣ ተከፈለኝ ብዬ ልመለስ ምንም አልቀረኝም። በመጨረሻ «እንደምን ዋሉ፣ አያ ደምሌ?» አልኩ።

«ማን ልበል?» አሉ ፊታቸውን ወደ ድምፄ እያዞሩ። «አንጓች ነኝ፣ የካሴ ልጅ።» ሊነሱ ሞከሩ፣ ያዝኳቸው። «ውይ ልጄን! ይቅር በይኝ፣ አላየሁሽም ነበር። ዓይኔን ሞራ ጋርዶት፣ ብርሃኑን እንጂ ሰው አልለይበትም።»

እግራቸው ሥር ቁጭ አልኩ። «አያ ደምሌ፣ እኔ ግን ያን ጊዜ አይቼዎት ነበር። አይቼ ነው ያለፍኩ።»

እጃቸው ራሴን እየዳበሰ አገኘው። «እሱንማ አውቄዋለሁ፣ እግርሽ ሲፈጥን አይቼ የለ? አባትሽ የሚገርፍሽ መሰለኝና ነው አላየሁም ስትዪ እሺ ያልኩ። ልጅ ነበርሽ፣ ቀረ» አሉ። ልጃቸው መርገጫውን አቁማ ታየናለች። እሳቸው ቀና ብለው፣ ከዚያ ዘመን ጀምሮ ያልተመለሰላቸውን ሰላምታ ከመጀመሪያው ያዙት፦ «አባትሽ ደኅና? እናትሽ ደኅና? ከብቱስ?»

አባቴ ማረፉን፣ እናቴ እኔ ዘንድ መሆኗን፣ ከብቱ መሸጡን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። አንዷንም አላስቀረሁም።