አራት መቶ የዒላማ ጥይት

ጠቅላላ የወጣብኝ ሃያ ስምንት ሺህ ብር ነው። ሃያ አራት ሺው የጥይቱ ዋጋ፣ ሦስት ሺህ አምስት መቶው የመኪናው ኪራይና አጅቦን የመጣው ፖሊስ አበል፣ የቀረችው አምስት መቶ የወርቅ ሚዛን ኪራይ። ጥይት ገዝቶ የወርቅ ሚዛን የሚከራይ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም። አሁን ጢሜን ስላጭ በየጠዋቱ አየዋለሁ።

ሥራዬ ሙዝ ነው። ከምዕራብ ዓባያ እገዛለሁ፣ አዲስ አበባ እልካለሁ። አማርኛን የተማርኩት ሲቀላ በሚባለው የአርባ ምንጭ ገበያ ሰፈር፣ ከመኪና ረዳትና ከደላላ ነው፤ ስድቡን ከሰላምታው ቀድሜ ነው ያወቅሁት። አርባ ምንጭ ውስጥ ፈቃድ ያለው ትንሽ የዒላማ ተኩስ ክለብ አለን። ጠመንጃዎቹ ፖሊስ ጣቢያው ግምጃ ቤት ይቀመጣሉ፤ አባላቱ ጥቂት ጡረተኞች፣ ሁለት መምህራንና ቅዳሜ ቅዳሜ ከዶርዜ የሚወርድ አንድ ሸማኔ ናቸው። እኔ በሕይወቴ ተኩሼ የመታሁት ነገር የለም። «አንተ መግዛት ታውቃለህ» ብለው የግዢ ኃላፊ አደረጉኝ። ደንቡን ራሴ አረቀቅሁት፦ ገዢው በራሱ ገንዘብ ይገዛል፣ አሠልጣኟ ያያሉ፣ ክለቡ የሚከፍለው እሳቸው ለተቀበሉት ብቻ ነው። ስጽፈው በጣም ብልህ ደንብ መስሎኝ ነበር።

አሠልጣኟ ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ ናቸው። የሰሜን ሰው ናቸው፤ በወታደርነታቸው ለጦሩ ቡድን ሲወዳደሩ ኖረው፣ ባለቤታቸው እዚህ ሲመደቡ መጥተው በዚያው ቀሩ። ቁመታቸው ከጠመንጃው ብዙም አይበልጥም።

ያን ጊዜ የሁላችንም ሐሳብ ሸማኔው ላይ ነበር። ለክልሉ ቡድን ምርጫ ሊደረግ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ሃያ ጥይት ይተኮሳል፤ ከሁለት መቶ ነጥብ መቶ ሰማንያ ያመጣ ይገባል። ሰውዬው ሁለት ጊዜ ሞክሮ ወድቋል፣ ባለፈው በሁለት ነጥብ። ሚስቱ «ሦስተኛው የመጨረሻህ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቅዳሜህም እንደ ሰኞህ ሸማ ጉድጓድ ውስጥ ነው» ብላዋለች። ክለቡ ደግሞ ጥይት ጨርሷል።

ፈቃድ ላላቸው ክለቦች ትርፍ የጦር ጥይት እንደሚሸጥ ማስታወቂያ ወጣ። «የዒላማ ጥይት» ይላል። እኛ የዒላማ ክለብ ነን፣ እሱ የዒላማ ጥይት ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? የውድድር ጥይት በስልሳ ብር አገኘሁ ብዬ አራት መቶውን አነሳሁት። ፖሊስ ጎኔ ተቀምጦ፣ እኔም እንደ ሚኒስትር ደረቴን ነፍቼ አርባ ምንጭ ገባሁ።

ሃምሳ አለቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ የታሸጉትን የጥይት ቆርቆሮዎች ዞር ዞር ብለው አዩዋቸው።

«ምንድነው የገዛኸው?»

«የዒላማ ነዋ! ተጽፎበታል እኮ።»

«ዒላማ በጦር ቤት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ዒላማ የሚመታ።»

«ዒላማ ላይ የሚተኮስ። ምልምል ወታደር ልምምድ ሲወጣ አፈር የሚያበላው። ለውድድር የተሠራ ቢሆን ውድድር ብለው ይጽፉበት ነበር።»

ቆርቆሮውን አገላብጬ ጽሑፉን እንደገና አነበብኩ።

«አንተ ነጋዴ፣ ሙዝ ስትገዛ ምን ታደርጋለህ?»

«ከመሐል አንዱን ቆርጬ አያለሁ። ጭነቱን ከሥር አስገልብጣለሁ።»

«ይሄንንስ?»

«ይሄማ ታሽጎ ነው።»

«እኔም የጠየቅሁህ እሱን ነው» አሉ።

ሁሉንም ይመልሱታል ብዬ ጠበቅሁ፤ በደንቤ መሠረት ቢመልሱት ጥይቱ በእኔ ላይ ቀረ ማለት ነው። እሳቸው ግን ወንበር ሳቡና «ሳላይ አልፈርድም። የወርቅ ሚዛን አምጣ። አንድ የመስኮት መስታወትም» አሉኝ። ሲቀላ የማውቀው ወርቅ ሠሪ «ለምን ፈለግኸው?» ሲለኝ «ለጥይት» አልኩት። ሳቀና አምስት መቶ ብር ጠየቀኝ። እውነት መናገር ዋጋ እንደሚያስጨምር ረስቼ ነው።

በማግስቱ ሸማኔው መጣ። በሩ ላይ ዘበኛውን «ሃምሳ አለቃ መጣ ወይ?» ሲለው እሳቸው ከውስጥ ሰሙት።

«መጣ አይባልም፣ መጡ ነው የሚባል! እሱም ቢቸግርህ መጣች በለኝ፤ ጢም አላበቀልኩም።»

«ይቅርታ እናቴ። እሺ፣ ጥይቷ መጡ ወይ?»

ዘበኛው ሳይቀር ሳቀ። ሃምሳ አለቃ ማረሙን የተዉት ያን ቀን ይመስለኛል።

ከዚያ ያየሁትን ሥራ እስካሁን አልረሳሁትም። ጥይት ሁሉ ቂጡ ላይ የተሠራበት ምድብ ቁጥር አለው። በአጉሊ መነጽር አራት መቶውንም አንድ በአንድ አነበቡት። ሁለት ምድብ ተቀላቅሎ ነው የታሸገው። ዝገት አረንጓዴ ያደረገውን፣ እርሳሱ የላላውን ሃያ ጥይት ወዲያው ለፖሊስ መልሰው አስፈረሙ። የቀረውን ሚዛን ላይ አወጡ። በአንደኛው ምድብ ጥይትና ጥይት መካከል የስንዴ ፍሬ የሚያህል ልዩነት ሲገኝ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ በሃምሳ ኪሎ ስህተት የማልደነግጥ ሰው፣ በስንዴ ፍሬ አብሬያቸው መነቅነቅ ጀመርኩ።

መስታወቱ የሸማኔው ድርሻ ነበር። ጥይቱን መስታወቱ ላይ በጣቱ ያንከባልለዋል፤ ቀጥ ያልሆነው ጫፉ ከፍ ዝቅ ይላል። ዕድሜውን ሙሉ ክር ሲዳስስ የኖረ ጣት ነው፤ ዓይኔ ምንም ሳያይ እሱ ቀድሞ ያውቃል።

«ይሄ ይዘፍናል» ይልና ወደ ግራ ያደርገዋል። «ይሄ ጸጥ ብላለች»፣ ወደ ቀኝ።

በሁለተኛው ቀን ሃምሳ አለቃም ሳይታወቃቸው «ይህቺስ፣ ትዘፍናለች?» ማለት ጀመሩ። ሲጨርሱ በአንደኛው ቆርቆሮ ላይ በጠመኔ «ጸጥ ያሉ፣ 120»፣ በሌላው ላይ «ዘፋኞች፣ 260» ብለው ጻፉ። ጸጥ ያሉት ሁሉም ከሁለተኛው ምድብ ናቸው።

ቅዳሜ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለው መተኮሻ ሞከርናቸው፣ ከመቶ ሜትር። የዘፋኞቹ አሥር ቀዳዳ ሰፌድ የሚያህል ቦታ ላይ ተበተነ። የጸጥተኞቹን አሥር ቀዳዳ ሃምሳ አለቃ በሻይ ብርጭቆ አፍ ከደኑት። ብርጭቆውን አላነሱትም፤ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ባለቤቴ እንኳ በሠርጋችን ቀን እንደዚያ አላየችኝም።

ተኩሱ ሲያልቅ «የድሮ ጥይት ብረት የሚበላ ጨው ይተዋል» ብለው የፈላ ውኃ በማንቆርቆሪያ አፈሙዙ ውስጥ አፈሰሱ፣ ደጋግመው ወለወሉት፣ አደረቁት፣ ዘይት ቀቡት። አምስት ጠመንጃ ነበር። አንዱንም ለሌላ ሰው አልሰጡም።

ከዚያ ሂሳብ ላይ ተቀመጥን። ጸጥ ያሉትን በስልሳ ተቀበሉ። ዘፋኞቹን ለልምምድ ይሁን አሉ፣ በቅናሽ።

«አርባ» አልኩ።

«ሠላሳ።»

«ሠላሳ አምስት ያድርጉት፣ ሃምሳ አለቃ።»

«ሃያ አምስት።»

«ኧረ ሠላሳ! ሠላሳ ይሁን!»

ከመናኸሪያ ደላላ ጋር ስከራከር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ወደ ታች የሚጫረት ግን አጋጥሞኝ አያውቅም።

በምርጫው ቀን ሸማኔው ሃያ ጸጥ ያሉ ጥይቶች ቆጥሮ ያዘ። አሥራ ዘጠኙን በእርጋታ ተኮሰ። የመጨረሻዋን አንስቶ መዳፉ ላይ በጣቱ አንከባለላት፣ ፈገግ አለ፣ አጎረሰ። ዳኛው ወረቀቶቹን ደምሮ መቶ ሰማንያ ሦስት ብሎ ሲያነብ ሃምሳ አለቃ አላጨበጨቡም፤ ማንቆርቆሪያውን እሳት ላይ ሊጥዱ ሄዱ። ሸማኔው ተከትሏቸው ሮጦ «እናቴ፣ ገባ! ገባሁ!» አለ። «ገባህ» አሉት ዞር ብለው፤ «አሁን ውኃ ቅዳ።»

አሁንም ሰዎች ትርፍ የጦር ጥይት ለክለብ ይገዛል ወይ ይሉኛል። መጀመሪያ የምጠይቃቸው አሠልጣኛቸው ማን እንደሆነ ነው። የእኛን ዓይነት ከሌላቸው፣ ጸጥ ያለውና ዘፋኙ አንድ ቆርቆሮ ውስጥ እንደተቀላቀለ ይቀራል፤ አይግዙ።

ሸማኔው የክልሉ ቡድን ውስጥ ነው፤ ቅዳሜውም የራሱ ነው። ከክለቡ የተቀበልኩት ለመቶ ሃያው ሰባት ሺህ ሁለት መቶ፣ ለሁለት መቶ ስልሳው ሰባት ሺህ ስምንት መቶ፣ በድምሩ አሥራ አምስት ሺህ ብር። የወጣው ሃያ ስምንት ሺህ። ኪሳራ፣ አሥራ ሦስት ሺህ ብር።