ለቀድሞው ሕመም ክትትል

ያቺን ወረቀት በጽሕፈት መኪና የመታኋት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

አሶሳ ያኔ ገና የክልል ከተማ መሆኗ ነው። ታይፒስት ሆኜ የምሠራበት ጤና ቢሮ ማኅተም ነበረው፣ ወንበር ግን አልነበረውም፤ የጽሕፈት መኪናዬን የማስቀምጣት ሣጥን ላይ ነበር። ባለቤቴ አስተማሪ ነበር፤ ከወለጋ አብረን ተመድበን መጣን። ከመምጣታችን በፊት የፕሮስቴት ካንሰር ተገኝቶበት አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን ተደረገ፣ ዳነም። እውነትም ድኖ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሰገራው ደም ይቀላቅል ጀመር። አልነገረኝም፤ ልብሱን ሳጥብ ነው ያየሁት። ሱሪው አልቆም ሲለው ቀበቶውን በምስማር በስቶ አጠበቀ። ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ፦ «ያው የድሮው ነው፣ ተነሥቶበት ነው።» እኔ ጅሏም አመንኩ! አንዴ ካንሰር የያዘው ሰው ሌላ ዓይነት ይይዘዋል ብሎ ማን ያስባል? ድርሻውን የጨረሰ መስሎኝ ነበር።

አዲስ አበባ ለመላክ፣ በሽታው አዲስ ከሆነ የሐኪሞች ቦርድ መወሰን አለበት። ቦርድ የት አለና! የአገሬው የቤርታ ልጅ፣ ወጣቱ የቢሮ ኃላፊያችን፣ «ወላሂ እህቴ፣ አባላቱ ገና አልተመደቡም። ለድሮ በሽታ ከሆነ ግን የእኔ ፊርማ ይበቃል» አለኝ። ብልጥ ነኝ ብዬ «ለቀድሞው ሕመም ክትትል» ብዬ መታሁት። ስለ ደሙ አንድ ቃል አልጻፍኩም።

ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተንገላቶ ደረሰ። ሐኪሙ ወረቀቱን አነበበ፣ ስለ ሽንቱ ጠየቀው፣ ፕሮስቴቱን መረመረና «ምንም የለብህም» ብሎ ሸኘው። የኔ ጌታ ስለ ሰገራው ትንፍሽ አላለም! «ወረቀቱ ላይ አለ ብዬ ነው» አለኝ ሲመለስ። የት አባቱ ይኖራል! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? እሱ ደበቀ፣ እኔ ደግሞ በማኅተም አስደበቅኩለት። ያን ቀን ግን «ምንም የለብህም» ተባለ ብዬ እልል ነው ያልኩት።

ከወራት በኋላ አሶሳ አዲስ የተመደበ ሐኪም ሆዱን ዳበሰና ናሙና ወስዶ ላከ። ውጤቱ ሲመጣ እኔን ለብቻዬ ጠራኝ። «የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው። ከፊተኛው የመጣ አይደለም፣ ራሱን የቻለ ሌላ ነው። አንዱ የያዘውን ሌላው አይይዘውም ያለዎት ማነው?» አለኝ። «ደሙ እንደታየ ቢመረመር ኖሮ ተቆርጦ ሊወጣ ይችል ነበር። አሁን ጉበቱ ውስጥ ገብቷል።»

ቤት ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት፤ ቦርዱን፣ ፊርማውን፣ የመታሁትን መስመር። እንዲሰድበኝ ፈልጌ ነበር።

«አዲስ አበባ ሐኪሙ ፊት አፍሬ ዝም ያልኩት እኔ፣ አንቺ ምን አደረግሽ? በይ ተነሽ፣ ፊትሽን ታጠቢ» አለኝ።

«ስደበኝ እንጂ!» ብዬ ጮህኩበት። አልሰደበኝም። እስኪሞት ድረስ አንድ ቀን እንኳ አልሰደበኝም፤ በዚህ ዛሬም እናደድበታለሁ።