አረንጓዴ ጨርቅ የታሰረበት ድስት

ባለፈው ሰሞን ቆራሌው እንደ ልማዱ እየጮኸ በሰፈራችን ሲያልፍ፣ ጓዳውን ስታጸዳ ያረፈደችው ልጄ አንድ አሮጌ ብረት ድስት አንጠልጥላ ወደ በሩ ስትሮጥ አየኋት። ድስቱ ቂጡ ጠቁሯል፣ ክዳኑም ከጠፋ ዘመን የለውም፤ በአንደኛው ጆሮው ላይ ግን ቀለሙ የለቀቀ አረንጓዴ ጨርቅ እንደታሰረ ነው። «ተይ! እሱን እንዳትነኪው!» ብዬ የጮህኩት ጩኸት ለአንድ ድስት የሚገባ አልነበረምና ቆራሌው ራሱ ደንግጦ ማዳበሪያውን ከትከሻው አወረደ። ልጄ ሳቀችብኝ። «እማ፣ ይሄን ደግሞ ማን ይፈልገዋል?» አለች። መልሱ ብዙ ስለሚያስወራኝ ድስቱን ከእጇ ተቀብዬ ገባሁ።

ድስቱ የእኛ አልነበረም፤ የእትዬ አስካለ ነበር። እትዬ አስካለ እዚሁ ባሌ ሮቤ፣ በክረምት ጭቃው ከእግር ላይ ጫማ በሚነጥቅበት ሰፈራችን፣ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ነበሩ። ባላቸው ቀደም ብለው ስለሞቱ ከአንድ ልጃቸው ከዳዊት ጋር ነበር የሚኖሩት። የሲናናን ስንዴ እየገዙ፣ እያስፈጩ ዱቄት ይሸጣሉ፤ ከዱቄቱ ብዛት ቅንድባቸው ሁልጊዜ ነጭ ስለነበረ እኛ ልጆቹ በጣም ያረጁ ይመስሉን ነበር፣ አንድ ቀን ፊታቸውን ታጥበው ብናያቸው ከእናቴ ታናሽ ሆነው አረፉት።

እኛ ሙስሊሞች ነን። ክርስቲያን ያረደውን አንበላም፣ እነሱም እኛ ያረድነውን አይበሉም፤ ይህ ደግሞ በእኛ አገር ማንንም ቅር የማያሰኝ፣ ሁሉም አውቆት የሚኖር ነገር ነው። በፋሲካ ብዙው ቤት ለሙስሊም ጎረቤቱ ዳቦና ሻይ አቅርቦ፣ መርቆና ተመርቆ ይሸኛል። እትዬ አስካለ ግን ለእኛም ለብቻችን በግ ይገዙ ነበር። አባቴ በአጥሩ ቀዳዳ በኩል ተጠርቶ ይሄድና ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል፤ ቢላዋው ለብቻ፣ መክተፊያው ለብቻ፣ ድስቱም ለብቻ። የእስላም ድስት ከሌላው እንዳይቀላቀል ነበር ጆሮው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ የሚታሰርበት፤ ከበዓል እስከ በዓል መደርደሪያው ላይ ተደፍቶ ይከርማል፣ ውኃ እንኳ አይፈላበትም። አንድ ጊዜ ከጎባ የመጣች ዘመዳቸው ሳታውቅ የክርስቲያን ሥጋ ብትቀቅልበት፣ አጥበው እንደማስቀመጥ ድስቱን ለሴትዮዋ ሸልመው ሌላ ገዙ። ማንም አላየም ነበር እኮ፤ የነገሩን ራሳቸው ናቸው፣ ያውም እየሳቁ።

ስለ ሃይማኖታቸው ሲሰብኩ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። በረመዳን ግን ሽታው አጥር ተሻግሮ ጾመኛውን እንዳያስቸግር ብለው ቀን ቀን ሽንኩርት አያቁላሉም፤ የማታው አዛን ሲሰማ ነው ከጭስ ቤታቸው ጭስ የሚወጣው። እናቴ ይህን ካየች በኋላ እሷም በሁዳዴ ቅቤ የምታነጥረው እሳቸው ቤተ ክርስቲያን መሄዳቸውን በአጥር አሾልቃ ካረጋገጠች በኋላ ሆነ። ማንም እንዲህ አድርጊ አላላትም።

ወንድሜ ጀማል ጋሪ ነጂ ነበር። ከዳዊት ጋር አብረው አደጉ፤ አንደኛው ቤት አጥፍተው ሌላኛው ቤት የሚደበቁ፣ ጥፋታቸውን ሁለቱም እናቶች እየተካፈሉ የሚቀጧቸው ልጆች ነበሩ። በአንድ ሁዳዴ ጾም አጋማሽ ላይ፣ በገበያ ቀን፣ ሁለቱ የእትዬ አስካለን ዱቄት ከወፍጮ ቤት ጭነው ሲመለሱ አንድ አይሱዙ ከኋላቸው ጡሩንባውን ለቀቀው። ፈረሱ በረገገ፤ ጋሪው ቦዩ ውስጥ ተገለበጠ። ዳዊት ከሥር ነበር። ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ፤ ጀማል ክንዱ ላይ ትንሽ ጭረት ይዞ ተረፈ።

ፖሊስ ምስክር ሰምቶ ጀማልን ለቀቀው። የአገሩ ወግ ግን ሌላ ነው። በባሌ ሰው በሰው እጅ ከሞተ፣ ሳይታሰብም ቢሆን፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጉማ የሚባለው ዕርቅ እስኪወርድ ድረስ ሁለቱ ቤተሰቦች አብረው አይበሉም፣ አይጠጡም፣ ከአንድ ቧንቧ አይቀዱም። አባቴ በገዛ እጁ የአጥሩን ቀዳዳ ቆርቆሮ መታበት። እትዬ አስካለ ከአጥሩ ወዲያ «ዳዊቴ፣ ዳዊቴ» እያሉ ሲያለቅሱ፣ እኛ ከአጥሩ ወዲህ፣ ለቅሶ እንኳ መድረስ ተከልክለን፣ አፋችንን በነጠላ ይዘን እናለቅስ ነበር። ብዙ ሰው ቀብሬአለሁ፣ እንደዚያ ለቅሶ የከበደኝ ግን የለም።

ጀማል እህል ተወ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። እናቴ የጋሪውን ገመድ ሁሉ ሰብስባ ጎረቤት ወስዳ አስቀመጠች፤ ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር። አባቴ በመጨረሻ «የልጇን ገዳይ በየጠዋቱ በአጥር እያሳየናት አንኖርም» አለና ፈረሱን ሸጠ፤ ፋሲካ እንዳለፈ ቤቱን ዘግተን ዘመዶቹ ወዳሉበት፣ አንገቱ ወደሚባለው የጫካ አገር ልንሄድ ተቆረጠ። የእኛ ቤት ዕቃ መታሰር ጀመረ። ጀማል ግን መሄዱንም መቅረቱንም የሚሰማ አይመስልም ነበር፤ እናቴ የፈራችው መንገዱን ሳይሆን እሱን ነበር።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ያካፋ ነበር። የግቢያችን በር ተንኳኳ። ሄጄ ብከፍት፣ እትዬ አስካለ ጥቁር በጥቁር ለብሰው፣ በአንድ እጃቸው በግ እየጎተቱ፣ በሌላው ብብታቸው ድስቱን አቅፈው ቆመዋል። ቅንድባቸው ላይ ዱቄት የለም።

አባቴ ወጣና እንዳያቸው ቆሞ ቀረ። ዕድሜ ልኩን የሚጠራቸው በኦሮምኛ «ሀዳ ዳዊት» እያለ ነበር፣ የዳዊት እናት ማለት ነው። አሁን ምን ብሎ ይጥራቸው?

«አባ ጀማል፣ ስሜ ጠፋብዎት እንዴ?» አሉ እሳቸው። «ዛሬም ሀዳ ዳዊት ነኝ። ልጁ ሞተ እንጂ እናትነቴ አልሞተም። በጉን ይረዱልኝ፣ ቀኑ ሄደ።»

«ሀዳ ዳዊት…» አለ አባቴ፣ «ሽማግሌ መች ተቀመጠ? ጉማ ሳይወርድ በምን ዓይናችን እርስዎ ቤት እንበላለን? ያ ረቢ! ነውር አይደለም?»

«ሽማግሌውም ይቀመጥ፣ አልከለከልኩም። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት አባታችን ሆይ ስል፣ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል የምለውን እግዚአብሔር ይሰማኛል። እሱን በአፌ ብቻ ብዬ ፋሲካን ልውል አልችልም፤ ሞክሬ አቃተኝ። ጀማልን ጥሩልኝ፣ በጉን እሱ ይያዝ።»

ጀማል ግድግዳ እየደገፈ ወጣ። ስንት ቀን ፀሐይ ያላየ ፊቱን ስናይ ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። ተንበርክኮ የበጉን እግሮች ያዘ፤ አባቴም ቢስሚላህ ብሎ አረደ። ከሰዓት በኋላ በእሳቸው ቤት፣ ድሮ በምንቀመጥበት መደብ ላይ ተቀመጥን፤ የዳዊት ቦታ ባዶ ነበር፣ ጀማልን እዚያ አስቀመጡት። የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልለው በአፉ ሲያደርጉለት እንባው ከምግቡ ጋር ተቀላቀለ፣ መዋጥ አቃተው። ጀርባውን እያሻሹ «ዋጥ ልጄ፣ ዋጥ አቦ» አሉት። ዋጠ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ መልሳ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

አንገቱ አልሄድንም። ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡም ብዙ የሚሉት አላገኙም፣ መርቀው ተነሡ። አባቴ ቆርቆሮውን ከአጥሩ ላይ ነቀለ። ጀማል ሁለተኛ ጋሪ ላይ አልወጣም፤ የእትዬ አስካለን ዱቄት ግን እሳቸው እስኪደክሙ ድረስ ከወፍጮ ቤት በትከሻው ተሸክሞ ያመጣ ነበር፣ ሰው «ባጃጅ አታሳፍረውም ወይ» ሲለውም መንገዱን ይቀጥላል። በኋላ እህታቸው ጎባ ሊወስዷቸው ሲመጡ ድስቱን በአጥሩ ቀዳዳ ለእናቴ አቀበሉና «እዚያ የማውቀው የለኝም፣ የሚበላበት ሰው ያለው እዚህ ነው» አሏት። ሲሞቱም ጀማል ጎባ ድረስ ሄዶ ሣጥኑን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከተሸከሙት አንዱ ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ ከአጥሩ ውጪ ዝናብ እየመታው ፍትሐቱ እስኪያልቅ ቆመ። በዚያው ዓመት ብቻውን አንገቱ ገባ፣ እስካሁን እዚያ ቡና ይለቅማል። ስለዚያ ፋሲካ አንስቶ አያውቅም።

አሁን አጥሩ ብሎኬት ሆኗል። የእትዬ አስካለ ግቢ በኪራይ ክፍሎች ተሞልቷል፤ ተከራዮቹ ጥሩ ልጆች ናቸው፣ በፋሲካ አንድ ሣጥን ለስላሳና የታሸገ ኬክ ይልኩልናል፣ «እንዳናስቸግራችሁ ብለን ነው» ይላሉ። እኛም ለአረፋ ያንኑ የመሰለ እንልካለን። ቅያሜ የለንም። ብቻ አንዳችን የሌላችንን ጓዳ አናውቅም፣ እንደ አባቴ ዘመን «አባ ጀማል» ብሎ ጠርቶ በጉን ይረዱልኝ የሚል ቀርቶ፣ በአጥር በኩል ስም የሚጠራ ድምፅ ራሱ ከሰፈሩ ጠፍቷል።

እናቴ ከመሞቷ በፊት ድስቱን ስትሰጠኝ አንድ ነገር ነገረችኝ። በዚያ ፋሲካ ወጥ ለማውጣት ጭስ ቤታቸው ስትገባ እሳት ላይ የነበረው ይህ አረንጓዴ ጨርቅ የታሰረበት ድስት ብቻ ነበር፤ የክርስቲያኑ ድስቶች እንደታጠቡ ተደፍተዋል። ሐዘን ላይ ከርመው አቅማቸው ለአንድ በግ ብቻ ነበርና፣ ያንኑ ለእኛ አሳርደውታል፤ ለሳቸው ደግሞ አይበላም። ሁዳዴን ሙሉ የጾሙት ሴትዮ፣ ልጃቸውን በጾሙ መሃል የቀበሩት ሴትዮ፣ ከበሩ ኋላ ተቀምጠው የጾም ሽሮ ይበሉ ነበር፤ እናቴን ሲያዩ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ወደ እኛ ተመለሱና በላያችን ቆመው «ብሉ እንጂ፣ ብሉ» እያሉ ጨመሩልን።

እኛም ጠግበን ወጣን።