በጥፍር የምትወጣ ነጭ መስመር

ልጄ ሶስና ትምህርት ቤት ዋና ተምራ ስትመጣ የመዋኛው ውሃ መድኃኒት ሽታ ቀድሟት ይገባል። እዚህ ሰው አገር፣ ኪሊማኒ ያለችው ጠባብ ቤታችን በዚያ ሽታ ስትሞላ የልጅነት ፍርሃቴ ይነሳብኛል። እጇን ስቤ ክንዷን በጥፍሬ ጫር አደርገዋለሁ። ነጭ መስመር ትወጣለች።

የኔ ዘመን ልጆች ይቺን መስመር ታውቋታላችሁ። ወንጂ ሳድግ አዋሽ መግባት ክልክል ነበር። ውሃ ውስጥ የዋለ ገላ ሲደርቅ ያመዳል፤ እናቴ በር ላይ ቆማ እግራችንን ትጭራለች፣ ነጭ ከወጣ አለንጋ ነው። «ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ!» ትላለች እየገረፈች። እኛ ደግሞ ብልጦች! ላቡ አመዱን እንዲያጠፋልን ከወንዙ እስከ ቤት በሸንኮራው መሀል እንሮጥ ነበር።

አንድ ቀን ታናሽ ወንድሜ ታደለ ተከትሎኝ መጣ። ባዶ ጀሪካን አቅፎ ሲንሳፈፍ ጀሪካኑ አመለጠው። ጭንቅላቱ ገባ፣ ወጣ፣ ደግሞ ገባ። እኔ ዳር ቆሜያለሁ። ትንሽ ራቅ ብለው የእናቴ ጓደኛ እትዬ የሺ ልብስ ያጥባሉ። ብጮህ ያዩናል፣ ለእናቴ ይነግራሉ ብዬ አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። ወንድሜ እየሰጠመ እኔ የፈራሁት አለንጋ ነበር።

ደግነቱ እትዬ የሺ ቀና ሲሉ አዩት። ከነቀሚሳቸው ገብተው በፀጉሩ ጎትተው አወጡት።

«አንቺ! ምላስ የለሽም?» አሉኝ።

ታደለ ውሃውን አስመልሶ ሳይጨርስ፣ «እትዬ የሺ፣ ለእማዬ እንዳይነግሩብን» አላቸው። እሳቸው ቁጭ ብለው አለቀሱ።

ባለፈው ሳምንት ፍርሃቱ ሲብስብኝ ሶስናን፣ «ዋናው ይቅርብሽ በቃ» አልኳት።

«ማሚ፣ መጀመሪያ ምን እንዳስተማሩን ታውቂያለሽ?» ብላ ሶፋው ላይ ወጣች። እጇን ሰቅላ፣ «ሳይዲያ! እርዱኝ!» ብላ በስዋሂሊም በአማርኛም አቀለጠችው። ወዲያው በሩ ተደበደበ። ስከፍት ጎረቤቴ ማማ ብራያን የኡጋሊ ገንፎ ማማሰያዋን እንደያዘች በባዶ እግሯ ቆማለች። በሳቅ ሞትን። ከሳቁ ኋላ እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

እኛ ከዋናው ጋር ዝም ማለትን ነበር የተማርነው። እናቴ በዚያች ነጭ መስመር ትገርፍ ነበር፤ እኔ ቫዝሊን እቀባባታለሁ። ፍርሃቱ ግን ያው ነው፣ አልለቀቀኝም። ዋና ባላት ቀን ጠዋት ቦርሳዋን አንግታ ስትቆም በሩን ይዤ፣ «እስቲ አንዴ ጩኺልኝ» እላታለሁ።

ትጮኻለች። ያኔ እከፍትላታለሁ።