ከፍ ያለው ሚኒሞ

የእህቴን ባል ሰፈሩ በሙሉ «ጆሮ» ይለዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአሮጌ ሞተር ሳይክሎችን ካርቡራተር ሲያስተካክል የኖረው በመስማት ብቻ ነው። የአየሯን ብሎን እስከ ጥጓ አጥብቆ አንድ ዙር ተኩል ይመልሳታል። የሞቀውን ሞተር አስነሥቶ ይንበረከክና ዓይኑን ጨፍኖ በካቻቢቴው የጥፍር ያህል እያዞረ ያዳምጣል። ሞተሩ መንተፋተፉን ትቶ ሲለሰልስለት ሚኒሞውን፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጡት ቆሞ የሚሠራበትን ፍጥነት፣ ዝቅ አድርጎ ይነሳል። ከመንገዱ ማዶ ያለው መካኒክ የሞተር ዙር የሚቆጥር መለኪያ የገዛ ጊዜ፣ ጆሮ መለኪያ ለደንቆሮ ነው ብሎ ሰፈሩን አስቆ ነበር። እኔም ስቄያለሁ።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ከእጁ የሚወጡት ሞተሮች ቆመው መጮህ ጀመሩ። ምክንያቱን ከሁላችንም ቀድማ ያወቀችው እህቴ ናት። የቤታቸው ሬዲዮ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ከፍ እያለ ሄዶ፣ ሦስት ቤት አልፈው ያሉት ጎረቤቶች የራሳቸውን መክፈት ትተዋል። ዜናውን ከእሷ ሳሎን ነው የሚሰሙት።

ሰፈሩማ ጆሮ ሊሳሳት ይችላል ብሎ ማሰብ አልሆነለትም። እሱ እንዲህ ካደረገው ምክንያት አለው ተባለ። አንድ ጡረተኛ ሹፌር ከፍ ያለ ሚኒሞ የሞተር ዕድሜ እንደሚያረዝም አስረዳ፤ ማስረጃ የጠየቀው የለም። ደንበኞች ማዶ ያለውን መካኒክ እንደ ጆሮ አድርግልን እያሉ መውጫ መግቢያ ቢያሳጡት፣ እሱም መለኪያውን ጨርቅ አልብሶ የሁሉንም ከፍ አደረገው። ቤንዚኑ ቶሎ ቶሎ ቢያልቅም ሰው በኩራት ይቀዳል።

እኔ ዝም አልኩ። ፈሪ ስለሆንኩ ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። ሰውየው ከጆሮው በቀር የሚመካበት ነገር የለውም። እውነቱን የሚነግረው ሰው ሥራውን ብቻ ሳይሆን የሚጠራበትን ስም ጭምር ሊነጥቀው ነው። እህቴም ማን አባቱ ደፍሮ ይነግረዋል እያለች ሬዲዮውን ታስጮህለታለች።

የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ፤ በአሮጌ ሞተሬ ቤት ለቤት እዞራለሁ። ባለፈው ማክሰኞ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆሜ አንደኛ ማርሽ ሳስገባ፣ ሞተሩ ከነጩኸቱ ወደፊት ዘለለና የአንዲት አሮጊት ከዘራ ገጨ። እሳቸውን አልነካኋቸውም። ከዘራቸውን አንሥቼ ሰጠኋቸው፤ እሳቸውም አንጀታቸው ቅቤ እስኪጠጣ ሰደቡኝ። ለእህቴ ነገርኳት። ነገ ሰው ቢሞት በእሱ እጅ ነው፤ ሳይሰማ ገዳይ ከሚሆን ሰምቶ ይዘን አለችኝ።

በማግስቱ ሞተሬን በደንብ አሙቄ ጋራዡ ሄድኩ። እንደ ልማዱ ተንበረከከ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ አዞረ። ረክቶ ቀና ሲል የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጆሮው ሥር ተጠጋሁ። «ጋሼ፣ በዝቷል። ዝቅ አድርገው።»

ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም፤ ካቻቢቴውን መልሶ ብሎኗ ላይ ገጠመ። እኔ በእጄ ዝቅ፣ አሁንም ዝቅ እያልኩ አሳየሁት፤ እሱም ዓይኑን ከእጄ ሳይነቅል አዞረ። ሞተሩ ጩኸቱን ለቀቀና ልክ እንደ ድሮው ረጋ ብሎ መምታት ጀመረ። ያን ድምፅ ከሰማሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ደስታው አምልጦኝ ሳቅሁ።

እሱ ግን ብድግ ብሎ እግሩን ማስነሻው ላይ አሳረፈ።

«አጠፋኸው እኮ» አለኝ።

«አልጠፋም፣ ጋሼ።»

እግሩን አወረደ። መዳፉን የቤንዚን ጋኑ ላይ አድርጎ ንዝረቱን አገኘው። እጁን ሳያነሳ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ በጣቶቼ ሁለት ዓመት መሆኑን አሳየሁት። ሰው ያውቅ እንደሆነ አልጠየቀኝም። አሻግሮ መንገዱን፣ በር በሩ ላይ ቆመው የሚያገሱትን ሞተሮች አየ።

«እና ሁላችሁም እንደዚህ እየጮኸ ስትነዱት ኖራችሁ?»

«ነዳነው» አልኩት። ከንፈሬን አየና ጆሮውን አስጠጋልኝ። ጮክ ብዬ ደገምኩለት።