እትዬ ሉባባ ከተማውን ያሳዩኝ ቀን

ባለፈው ሳምንት ለመጋረጃ የሚሆን ጨርቅ ልገዛ ደብረ ማርቆስ አንድ ሱቅ ገባሁ። ነጋዴው ጣቃውን ከመደርደሪያው አውርዶ ባንኮኒው ላይ ሲዘረጋው ያ ሽታ ወጣ፤ ገና ውሃ ያልነካው የአዲስ ጨርቅ ሽታ፣ ቀለም ቀለም የሚል፣ ከሥሩ ደግሞ የጆንያ አቧራ ያለበት። ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩ። ነጋዴው “እህቴ፣ አመመሽ እንዴ?” አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት፤ እጄ ግን ባንኮኒውን አጥብቆ ይዞ ነበር። ይህ ሽታ ሁልጊዜ አስቀድሞ የሚያመጣብኝ ፍርሃትን ነው። እትዬ ሉባባ የሚመጡት ከፍርሃቱ በኋላ ነው።

እትዬ ሉባባ ለደብረ ማርቆስ ቅርብ በሆነችው አማኑኤል ከተማ ውስጥ፣ ከመኪናው መንገድ ዳር፣ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። በቆርቆሮው በር ላይ አበባ አበባ ያለባቸው ሻሾች ተሰቅለው ነፋስ ያውለበልባቸዋል፤ ውስጥ ጣቃው እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፤ ጥግ ላይ ባትሪው በጎማ የታሰረ ሬዲዮ ሲያጉረመርም ይውላል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከፊት ጥርሳቸው አንዱ ወርቅ የሆነ፣ ሲስቁ አፋቸውን በሻርፓቸው ጫፍ የሚሸፍኑ ሴት ነበሩ። ቤታችን ከሱቃቸው ጀርባ ነው። እኛ ክርስቲያን፣ እሳቸው ሙስሊም፤ ከሥጋ በቀር ያልተካፈልነው ነገር አልነበረም።

በልጅነቴ አንድ ቀን አጥር ስሾልክ የአጋም እሾህ ግራ ዓይኔን ወጋኝ። እናቴ አራስ ነበረችና የጡቷን ወተት ጨመረችበት፤ ጠበልም ተጠመቅሁ። ዓይኔ ግን እየቀላ፣ እያበጠ፣ ኋላም ጭጋግ እየለበሰ ሄደ። ደብረ ማርቆስ ያየኝ ሐኪም አባቴን ወደ ውጭ ጠርቶ “ሳትውል ሳታድር አዲስ አበባ አድርሳት” አለው።

አባቴ ሞላ ዓባይን ተሻግሮ አያውቅም። እህሉ ገና ማሳ ላይ ነው፣ እናቴም ከአልጋ አልተነሳችም። እትዬ ሉባባ ግን ለሸቀጥ መርካቶ ይመላለሱ ነበር። አባቴ ሱቃቸው በር ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

“እትዬ፣ አደራ። እንደወሰዷት ይመልሱልኝ።”

“ኢንሻአላህ” አሉ። ሲሉት ግን ፊቱን አላዩትም።

የሰፈሩ ልጆች ቀኑብኝ። አንበሳውን እዪ አሉኝ። ቁልፉን ሲነኩት ብድግ ብሎ ፎቅ ላይ የሚያደርስ ቤት አለ፣ እሱን ሳታዪ እንዳትመጪ አሉኝ። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብላ “እጃቸውን እንዳትለቂ፤ እዚያ ልጅ ይጠፋል” አለችኝ። በልቤ የቀረው የእሷ ነገር ነው።

አውቶቡሱ ደጀንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ሲጀምር ጨዋታው ሁሉ ቆመ። የተቃጠለ ፍሬን ሸተተኝ። ገደሉ በእኔ መስኮት በኩል ነበር፤ መኪናው በዞረ ቁጥር ከሥራችን መሬት የሌለ ይመስለኛል። ፊቴን እትዬ ሉባባ ጭን ላይ ቀበርኩ። እሳቸው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ዱዓ ያደርጋሉ፤ እጄን የያዘው እጃቸው በላብ ርሶ ነበር። ትልቅ ሰው እንደሚፈራ ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ማወቄ ደግሞ የባሰ አስፈራኝ።

አዲስ አበባ ሐኪሙ ወጣት ነበር። ዓይኔን አይቶ ሲያበቃ ውጭ እንድቀመጥ አደረጉኝ፤ በሩ ግን ገርበብ ብሎ ነበርና ሰማሁ።

“እማማ፣ የግራው ብርሃን ጠፍቷል። መውጣት አለበት። ከቆየ ደህነኛውንም ይዞት ይሄዳል፤ አሁንም መንካት ጀምሮታል።”

“ቀኙስ ይተርፋል?”

“ተስፋ አለን። እርግጠኛ ሆኜ ግን ልነግርዎት አልችልም።”

“አባቷን ሳልጠይቅ እንዴት ብዬ?”

“ይጠይቁ። ከነገ ወዲያ ጠዋት ግን ማለፍ የለበትም።”

ከስልክ ቤት ወደ አማኑኤል ደጋግመው ደወሉ። መስመሩ አልገባ አለ። አመሻሹ ላይ ተመልሰን ሐኪሙ ዘንድ ገባን። “ምንዎ ናት?” ሲል ጠየቃቸው፤ ወረቀቱ ላይ የሚፈርም ዘመድ ይፈልግ ነበር።

“ልጄ ናት” አሉ።

ሐኪሙ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አየ፤ የእሳቸውን ሻርፕ አየ። እስክሪብቶውን ሰጣቸው። እትዬ ሉባባ ፈረሙ። የሌላ ሰው ልጅ ዓይን እንዲወጣ ፈቅደው አማኑኤል በምን ፊት ይመለሱ እንደነበር የገባኝ ራሴ ከወለድኩ በኋላ ነው።

በማግስቱ መርካቶ ካረፍንበት የዘመዳቸው ቤት ገና ፊቴን ሳልታጠብ ቀሰቀሱኝ። “ተነሺ ትርንጎ። ዛሬ ከተማ እናያለን” አሉ። ድምፃቸው የደስታ ድምፅ ነበር፤ ፊታቸው ግን አልተኛም። እኔም የሰማሁትን እንደሰማሁ አልነገርኳቸውም። ለምን ዛሬ እንደሆነ አውቄዋለሁ።

ስድስት ኪሎ አንበሶቹን አየን። አንዱ ከሲሚንቶው ላይ ተኝቶ ነበር፤ ድንገት ሲያገሳ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀጠቀጠ። እትዬ ሉባባ እኔን ከኋላቸው ደበቁኝና መልሰው አወጡኝ። “እዪው፤ በደንብ እዪው፤ ጎፈሩን፣ ጥፍሩን” አሉ። ቀጥሎ ፒያሳ የሱቅ መስኮቶች አሳዩኝ፤ ወርቁ ሲያብለጨልጭ፣ ነጭ ቀሚስ የለበሱ አሻንጉሊት ሴቶች ቆመው። በአንዱ መስታወት ውስጥ ያበጠ ዓይኔን አየሁና ዞርኩ። ከዚያ አንድ ረጅም ሕንፃ ውስጥ ዘበኛውን ለምነው አሳንሰር ውስጥ አስገቡኝ። በሩ ሲዘጋና ወለሉ ከእግሬ ሥር ሲነሳ ጮህኩ። እሳቸውም ጮኹ። ላይ ስንደርስ ግን ከመስኮቱ ሥር ቆርቆሮው ሁሉ እስከ ተራራው ተዘርግቷል፤ መኪኖቹ እንደተበተነ ባቄላ ናቸው። “እስኪ ከዚህ ውስጥ የወደድሽውን ምረጪ” አሉኝ። እኔ ምንም አልመረጥኩም። ሁሉንም ዓይኔ ውስጥ ልከት እየሞከርኩ፣ አንዱን ሳይ ሌላው እየጠፋብኝ፣ ራሴን አመመኝ።

መርካቶ የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ሸክም ያዘሉ ሰዎች “ዞር በሉ! ዞር በሉ!” እያሉ ይሮጣሉ። አንድ ፍራሽ የተሸከመ ሰው በማላይበት በግራዬ በኩል መጥቶ ገፋኝ፤ ወደቅሁ፤ ስነሳ እጃቸው የለም። ዞርኩ። እግር፣ ጆንያ፣ እግር ብቻ። የጎረቤታችን ቃል ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ። አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም። ከአንድ ግድግዳ ጋር ተጣብቄ በአንድ ዓይኔ ያን ሁሉ ሰው ስፈልግ ከሩቅ “ትርንጎ! የሞላ ልጅ! ትርንጎዬ!” የሚል ድምፅ ሰማሁ። እትዬ ሉባባ ሻርፓቸው ከራሳቸው ወድቆ፣ አንድ ጫማቸው ጠፍቶ፣ ሰውን በክርናቸው እየገፉ መጡ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። መሬት ላይ ተቀምጠው እቅፍ አድርገውኝ አለቀሱ።

ከአንድ ወዳጃቸው ሱቅ ገብተን የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀመጥን።

“ትርንጎ፣ ነገ...” ብለው ሻርፓቸውን መልሰው ተከናነቡ።

“አውቃለሁ። ሰምቻለሁ” አልኳቸው።

“ፈራሽ?”

“እርስዎስ?”

“እኔማ፣ ከተነሳን ጀምሮ እንደፈራሁ ነኝ” አሉ። “ግን እየፈራሁም አልተውሽም።”

በነጋታው ከቀዶ ሕክምናው ስነቃ ጨለማ ነበር። እጄን ወደ ፊቴ ሳነሳ ሁለቱም ዓይኖቼ በፋሻ ተሸፍነዋል። ሁለቱንም አወጡት ብዬ አሰብኩ። መጮህ ፈለግሁ፤ ማንን? ክፍሉ ውስጥ ማን እንዳለ አላውቅም። ያኔ ነው የመድኃኒቱን ሽታ አልፎ አዲስ ጨርቅ የሸተተኝ።

“እትዬ?”

“አለሁ።”

“ሁለቱንም አወጡት?”

“አላወጡም። ቀኙ እንዲያርፍ ነው የሸፈኑት።”

“ይምላሉ?”

“ወላሂ።”

ፋሻው እስኪፈታ ድረስ ከአጠገቤ አልተነሱም። እኔ ስፈራና ስነጫነጭ ያየነውን ከተማ መልሰው ያወሩልኛል፤ አንበሳው እንዴት እንዳገሳ፣ አሳንሰሩ ውስጥ እሳቸው ከእኔ በላይ እንዴት እንደጮኹ። ሐኪሙ ፋሻውን የፈታ ዕለት መጀመሪያ ያየሁት የወተት ቀለም ያለው ጭጋግ ብቻ ነበር።

“ምን ይታይሻል?” አሉ እትዬ ሉባባ፤ ድምፃቸው አልወጣም ማለት ይቻላል።

“ምንም” አልኩ።

ከዚያ ጭጋጉ ውስጥ አንድ ቢጫ ነገር ብልጭ አለ።

“ጥርስዎ” አልኩ። “የወርቁ ጥርስዎ።”

አማኑኤል ስንደርስ አባቴ መንገዱ ዳር ቆሞ ነበር። እትዬ ሉባባ ቀድመውኝ ወረዱና ከፊቱ ቆሙ። “ሞላ፣ አደራህን ጎዶሎ አድርጌ ነው የመለስኩት። ሳልጠይቅህ ፈረምኩ። የፈለግኸውን በለኝ” አሉት። አባቴ ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ ረጅም ጊዜ አየኝ። “ታይኛለሽ?” አለኝ። አዎ ስለው ዝቅ ብሎ የእትዬ ሉባባን ጉልበት ሳመ። እሳቸው አንስተውት ወደ ቤታቸው ገቡ፤ የዚያን ቀን ሱቁን አልከፈቱም።

ከዚያ በኋላ ገበያም እንሂድ ለቅሶ፣ እትዬ ሉባባ ከእኔ ጋር ሲራመዱ ሁልጊዜ በግራዬ ነበሩ። ጋሪ ሲመጣ ክንዴን ነካ ያደርጋሉ፤ ሰው ሰላም ሲለኝ ስሙን በቀስታ ይነግሩኛል። ሳገባም፣ ስወልድም እንዲሁ። ካረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ ሱቃቸው አሁን የሞባይል መሸጫ ሆኗል። እኔ ግን ዛሬም ከሰፈሬ ሴቶች ጋር ገበያ ስወጣ፣ ማንም ምንም ሳይል፣ አንዷ ወሬዋን ሳታቋርጥ በኋላዬ ዞራ ወደ ግራዬ ትመጣለች።