ያልያዝኳት አራተኛ ቃል

እስቲ ያን ወረቀት እጠፉትና ጠጋ ጠጋ በሉ። ከጠዋት ጀምሮ «ሂል፣ ሪጅ፣ ክሊፍ» ስትሉ ጆሮዬን አደነቆራችሁት። ኮረብታው ፊታችሁ ተገትሮ እናንተ ወረቀት ላይ ትፈልጉታላችሁ! አይ፣ መቀለዴ አይደለም። ነገ የአስጎብኚነት ፈተና እንዳለባችሁ አውቃለሁ። በዚህ ነገር አንድ ጊዜ ቀልጄ የደረሰብኝን የማውቀው እኔ ነኝ። ትርንጎ፣ አንቺ እዚህ አጠገቤ ሁኚ። የማወራው ያባትሽን ነገር ነው፤ በለቅሶው ላይ ከተናገርኩት ግን ይለያል። እስክጨርስ ታገሽኝ።

ጊዜው ጳጉሜ ነበር። ትርንጎ ገና እናቷ ጀርባ ላይ ነበረች። ገብሱ እሸት ይዟል፤ ጉሙ በየማለዳው ከሊማሊሞ ሥር እየተነሳ መንደሩን እስከ ረፋድ ይውጠዋል። በዚያ ጉም ውስጥ አንድ ነብር ከገደሉ እየወጣ በጋችንን ይጨርስ ገባ። በጉንስ ችለነው ነበር፤ ኋላ ግን ምንጭ የወረደችን ሴት ክንዷን ቦጨቃት። ቦታው ከፓርኩ ውጭ ነውና ቀበሌው ይገደል ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። ከመንደሩ ምንሽር ያለኝ እኔ ስለነበርኩ ነገሩ በእኔ ላይ ወደቀ።

አብሮኝ የወጣው ጌትነት ነው፣ የትርንጎ አባት። ቤታችን አጥር ለአጥር ነው። ባለቤቴ ትርንጎን ክርስትና ካነሳቻት ወዲህ እኔና እሱ ስም መጠራራት ትተን «አበልጅ» ተባባልን። አበልጅ ከጠራህ ደግሞ «ቆይ መጣሁ» የለም፤ ትሄዳለህ። እሱ ያን ጊዜ ደባርቅ እየተመላለሰ የአስጎብኚነት ትምህርት ይማር ነበር፤ እንደናንተው ደብተር ታቅፎ ነው የሚውለው።

በአደኑ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ደጃፌ ላይ ተቀምጠን እሱ ጦሩን ይስላል፣ እኔ ምንሽሬን እወለውላለሁ። ያገራችን አዳኝ አደን ላይ ሆኖ ነብርን በስሙ አይጠራም፤ ከጠራኸው ይሰማል ይባላል። «አጅሬ» ነው የምንለው። ጌትነት ታዲያ ምን አለኝ?

«አበልጅ፣ የቦታውንም ስም በእንግሊዝኛ እናድርገው። እንግሊዝኛ የሚሰማ ነብር የለም።»

«ፈረንጅ በልቶ እንደሆነስ?» አልኩት። በሳቅ ሞትን።

ደብተሩን ከፈተና ያስጠናኝ ጀመር። «ሂል ካልኩህ ኮረብታው ላይ ነው። ሪጅ ካልኩህ ሸንተረሩን ይዞ እየሄደ ነው። ክሊፍ ካልኩህ ገደል ገብቷልና ተወው።» ሦስቱን ያዝኩ። አራተኛዋን ሲነግረኝ ግን ልቤ ጠመንጃው ላይ ነበር። «ድገማት» አለኝ። «በቃህ! ያገሬን ጋራ በሦስት ስም ከጠራሁት መች አነሰው» አልኩት። እንደገና አለኝ፤ እንደገና ሳቅሁበት። «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» ብሎ ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጫር ጫር አደረገና ዘጋው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሷችንን ይዘን ወረድን። መሬቱ ረጥቦ ስለነበር ዳናው ቁልጭ ብሎ ይታያል። የነብር ዳና ክብ ነው፤ እንደ ጅብ ጥፍሩ መሬት ላይ አይወጣም። ያ ነብር የፊት ግራ እግሩን ይጎትት ነበር፤ ወጥመድ ጎድቶታል ማለት ነው። የቆሰለ ነብር ደግሞ አይሸሽም። አንድ የአስታ ዛፍ ሥር የበግ ደም አገኘን፤ ጉተታው ወደ ገደሉ ያመራል።

ገደሉን ታውቁታላችሁ። ወገቡ ላይ እንደ ቤት መደብ ወጣ ያለች፣ ሰው በጎኑ ብቻ የሚያልፍባት ቀጭን መሬት አለች። እኔ በመደቧ አፍ ላይ አድፍጬ ቀረሁ። ጌትነት ከላይ አፋፉን ይዞ ሄደ፤ አጅሬ የት እንደተኛ አይቶ ሊነግረኝ። ሲለየኝ ጉልበቴን መታ አደረገኝና «ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል» አለኝ።

ብዙ አልቆየም፣ ጉሙ መጣ። የራሴን ጠመንጃ አፈ ሙዝ ማየት አቃተኝ። ወፉም ዝም፣ ዝንጀሮውም ዝም። ወዲያው ድምፁን ሰማሁ።

«...ልጅ! ...ልጅ!»

አበልጅ ነው ያለኝ! መጀመሪያውን ነፋስ በልቶት መጨረሻው ደረሰኝ። ደግሞ ጠራኝ፤ ጭንቅ ያለበት ጥሪ ነው። ወድቋል፣ ወይ ይዞታል አልኩ። ንቅንቅ አትበል መባሌ ከልቤ ጠፋ። ወደ ድምፁ የሚያደርሰው አቋራጭ በመደቧ ላይ ነው። ምንሽሩን ጀርባዬ ላይ አነገትኩና ድንጋዩን በሁለት እጄ እየጨበጥኩ ገባሁ።

እኩሌታው ላይ ስደርስ የሞተ በግ ሸተተኝ። እግሬ አጥንት ረገጠ። ጉሙ ሳሳ ሲልልኝ ቀና አልኩ፣ እመብርሃን! በአራት እርምጃ፣ ጆሮውን አጣብቆ ያየኛል። እኔም አየሁት፤ እሱም አየኝ። ወደኋላ እንዳልል ገደል ነው፣ ጠመንጃዬን እንዳላወርድ ክንዴ ከድንጋይ ጋር ተጣብቋል። ዘለለብኝ። ይህችን ትከሻዬን ያኔ ነው የዘነጠላት። ጮህኩ፤ እንደ ሴት ጮህኩ፣ አላፍርም።

ያን ጊዜ ጌትነት ከላይ በገደሉ ድንጋይ ፍርክታ ተንሸራቶ ወረደ፣ ጦሩን እንደያዘ። ነብሩ እኔን ለቆ ወደሱ ዞረ። ጦሩ ደረቱ ላይ ሲገባ አይቻለሁ። ጌትነት በነብሩ ትከሻ ላይ አሻግሮ አየኝና «ነገርኩህ እኮ!» አለኝ። ሌላ አላለም። ነብሩ እንደተወጋ ተወረወረበት፤ መደቧ ጠባብ ናት፤ ሁለቱም ተያይዘው ሄዱ። ድንጋይ ሲንኳኳ ረጅም ጊዜ ተሰማኝ። ጉሙ ሲገለጥ ሰው ጠርቼ ወረድን፤ ከነብሩ ጋር ጎን ለጎን ወድቆ አገኘነው።

ምንሽሬ አምስት ጥይት ጎርሶ ሄዶ አምስት ጎርሶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ተኩሼበት አላውቅም።

በለቅሶው ላይ «ጠራኝ፣ ሄድኩ፣ አልደረስኩለትም» አልኩ። ሰውም «እንዲህ ነው አበልጅ!» አለኝ፤ እናትሽም መረቀችኝ። ሌት ተቀን አንድ ነገር ይቆረቁረኝ ነበር። ወደኔ ሲወርድ ጭረት አልነበረበትም። ታዲያ ለምን ጠራኝ? «ነገርኩህ» ያለኝስ ምኑን ነው? ጉም በወረደ ቁጥር ያቺ ድምፅ ትመጣለች፤ ከቤቴ ወጥቼ አፋፉ ድረስ የሄድኩበት ቀን አለ። ባለቤቴ ናት ጎትታ የመለሰችኝ።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ትርንጎ ያባቷን ደብተር ከእናቷ ሣጥን አውጥታ እኔ ዘንድ መጣች። ለፈተናው ልታጠናበት ነው። «አያ ባየ፣ አባዬ ስለ እርስዎ ጽፏል!» አለችኝ እየሳቀች። ሂል፣ ሪጅ፣ ክሊፍ ብላ አነበበች። ቀጥላ አራተኛዋን አነበበች፦ «ሌጅ፤ የገደል መደብ። አጅሬ እዚያ ካለ እግር አይገባም።» ከጎኑ በትንንሽ ፊደል «ይቺን አበልጅ እንቢ አለኝ። ነገ እደግምለታለሁ» ይላል።

ሌጅ! አበልጅ አይደለም ያለኝ፤ ሌጅ! ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላል ያገሬ ሰው። እሱ አፋፍ ላይ ሆኖ ያወጣት ቃል እኔ ጆሮ ስትገባ ሌላ ሆነች። እየጠራኝ አልነበረም፤ አትምጣ እያለኝ ነበር። ትርንጎ የዚያን ቀን «ምነው አመመዎት?» አለችኝ። «ትከሻዬን ነው» አልኳት። ዋሸሁሽ፣ ልጄ።

ይኸው ነገርኩሽ። አባትሽ እርዳታ ለምኖ የሞተ ሰው አይደለም። ያስተማረኝን ንቄ ገደል ስገባ፣ ሊያወጣኝ ገብቶ የሞተ ነው። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ዛሬ አልልሽም። ብትሄጂም አልቀየምሽም።

እናንተም አንድ ሰው ቃል ሲያስተምራችሁ፣ በገዛ አገራችሁ ድንጋይ ላይ የወጣ ስም ቢሆንም፣ እሱ ፊት ደግማችሁ በሉት። «ገባኝ» አይበቃም።

በይ ትርንጎ፣ እንባሽን ጥረጊና ደብተሩን ክፈቺ፤ ነገ ፈተና ነው። ከአራተኛዋ ጀምሪ። ጮክ ብለሽ በያት፤ እኔም ካንቺ በኋላ እደግማለሁ።